ጥርሱ ተነቅሎ ሕመሙ ሲቀር፦ የፊት ነርቭ ሕመም ምንጭ በብርሃን ሲፈለግ

ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ ንፋስ ለጤነኛ ሰው ብርድ ብቻ ነው። የፊት ነርቭ ሕመም የያዘው ሰው ግን ያው ንፋስ ጉንጩን ሲነካው ባዶ ሽቦ እንደ ነካ ሰው ይነዝረዋል፤ ሕመሙ ከመንጋጋው ተነስቶ ወደ ጆሮው ይወረወራል። ለዉዱእ ፊት ላይ የሚፈስ ውሃ፣ ድድ ላይ የሚያርፍ መፋቂያ፣ ቆሎ መቆርጠም፣ የነጠላ ጫፍ ጉንጭን መዳሰሱ፣ አንዳንዴም ማውራት ብቻውን ይቀሰቅሰዋል። አንዱ ንዝረት ከሰከንድ ሽራፊ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል።

ሕመሙ መንጋጋ ላይ ስለሚሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥርስ ነው። አንዱ ጥርስ ይነቀላል፤ ሕመሙ ይቀራል። ጎረቤቱ ይነቀላል፤ አሁንም አለ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ የሚታሽበትም አለ፤ እሽታው ራሱ የሚቀሰቅሰውን ቦታ ስለሚነካ ስቃዩን ያባብሰዋል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም አይረዱም። በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ጥርሶቹን አጥቷል። ስህተቱ የመጣው ሕመሙ የሚሰማበትን ቦታና የሚመነጭበትን ቦታ አንድ አድርጎ ከማየት ነው። በዓለም ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች አይጦች ላይ በብርሃን የሚደረገው ምርምርም የሚያሳድደው ይህንኑ ነው፦ ሕመሙ የት ነው ያለው?

በቅድሚያ አንድ መምታታት ይጥራ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው 7ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። እሱ ሲታመም አፍ ይጣመማል፣ ዓይን አልከደን ይላል። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ደግሞ 5ኛው ነርቭ፣ ትራይጀሚናል የሚባለው ነው። ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ለግንባርና ለዓይን፣ ሁለተኛው ለጉንጭና ለላይኛው መንጋጋ፣ ሦስተኛው ለታችኛው መንጋጋ። የምንነጋገርበት ሕመም የዚህ የ5ኛው ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

የታወቀው መነሻ ነርቩ ወደ አንጎል ግንድ የሚገባበት ሥር ላይ ነው። እዚያ ጋ አንድ የደም ቧንቧ ነርቩን ተጭኖት ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው የላይኛው ቧንቧ ነው። በእያንዳንዱ የልብ ምት ሲፈትገው የነርቩ ልባጥ ይላጣል። ጎማቸው የተላጠ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሲነካኩ የሚሆነው እዚህም ይሆናል፤ የንክኪ ምልክት ወደ ሕመም መስመር ይዘላል። ነጠላ ጉንጭን ሲዳስስ አንጎል እንደ ቢላ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ይህ ማብራሪያ ግን ሁሉን አይፈታም። ቧንቧ ነርቩን ነክቶት ምንም የማያማቸው ሰዎች አሉ፤ ምንም ሳይነካው የሚሰቃዩም አሉ። ቧንቧው በቀዶ ጥገና ተነስቶ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸውም አይጠፉም። ለዓመታት የዘለቀ ሕመም አንጎል ውስጥ የራሱን መንገድ ይጠርጋል። እናም ጥያቄው ከነርቩ ሥር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፦ አንጎል ውስጥ ሕመሙን አቁሞ የያዘው የትኛው የሕዋስ ወገን ነው?

ቀደም ሲል ይህ በኤሌክትሪክ ተሞክሯል። ከ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ አንጎል ግንድ ውስጥ ባለው ግራጫ ክፍል ሽቦ ተተክሎ፣ ከ1991 በኋላም እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ቅርፊት ላይ ንጣፍ ኤሌክትሮድ ተቀምጦ፣ ሌላ ያልረዳቸው ሰዎች ታክመዋል። አንዳንዱን ረድቷል፣ ሌላውን አልረዳም። ምክንያቱን መለየት ያስቸገረው ኤሌክትሪክ የማይመርጥ መሆኑ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ መካከል ቆሞ በድምፅ ማጉያ እንደ መጮህ ነው፤ ገዢም ሻጭም መንገደኛም ዞር ይላል። የሚያነቃቃውንም የሚያረግበውንም ሕዋስ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈውንም የነርቭ ክር አንድ ላይ ይነካል። ብርሃኑ የመጣው አንዱን ሰው በስሙ ለመጥራት ነው።

ዘዴው ኦፕቶጄኔቲክስ ይባላል። መነሻው ክላሚዶሞናስ የተባለ አረንጓዴ የውሃ አልጌ ነው። ይህ አልጌ ወደ ብርሃን የሚዋኘው አካሉ ላይ ብርሃን ሲነካው የሚከፈት የፕሮቲን በር ስላለው ነው። በሩ ቻናልሮዶፕሲን-2 ተብሎ በ2003 ተገለጸ፤ በ2005 የተመራማሪዎቹ የቦይደንና የዳይሰሮት ቡድን የዚህን በር ዘረ መል በነርቭ ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ ሕዋሱ እንደሚተኩስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚልክ አሳየ። የ470 ናኖሜትር ገደማ ብርሃን በሩን ይከፍታል፤ አዎንታዊ ሙሌት ያላቸው ቅንጣቶች ይገባሉ፤ ሕዋሱ ይነሳል። ተቃራኒው ሥራ ለሌላ ፕሮቲን ተሰጠ። ሃሎሮዶፕሲን ይባላል፣ ከግብፅ ዋዲ ናትሩን የሶዳ ሐይቆች ከተገኘ ባክቴሪያ መሰል ፍጡር የመጣ ነው፤ በ590 ናኖሜትር አካባቢ ቢጫ ብርሃን ሲነካው ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ እየጨመረ ዝም ያሰኘዋል። አንዱ ማብሪያ፣ ሌላው ማጥፊያ ሆኑ ማለት ነው።

የፊት ነርቭ ሕመምን ለማጥናት መጀመሪያ አይጧ የሚያማት ፊት ሊኖራት ይገባል። በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ በ1994 ቮስ በተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የተገለጸው ነው። በማደንዘዣ ሥር ከዓይን በታች የሚያልፈው የሁለተኛው ቅርንጫፍ ነርቭ ይገለጥና በሚሟሟ የቀዶ ጥገና ክር፣ በ2 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት ሁለት ቦታ ላይ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ልዩነቱ ሁሉ ያለው በዚህ መላላት ላይ ነው። ክሩ የነርቩን ውፍረት በጥቂቱ ማጥበብ አለበት፣ በላዩ የሚያልፈውን የደም ፍሰት ግን ማቆም የለበትም። ከጠበቀ የነርቩ ክሮች ይሞቱና ፊቱ ይደነዝዛል፤ ከላላ ምንም አይፈጠርም። እኩል ቁጥር ያላቸው ሌሎች አይጦች ደግሞ ነርቩ ተገልጦ ሳይታሰር ይሰፋላቸዋል፤ ቁስሉ ራሱ ያመጣውን ለመለየት።

ከዚያ በኋላ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይጧ የታሰረበትን ጉንጭ በፊት እግሮቿ ደጋግማ ታብሳለች፣ ሲነኳት ግን ከወትሮው ያነሰ ትሰማለች። ከ15ኛው ቀን ገደማ በኋላ ይገለበጣል፤ ቀላል ንክኪ ራስ ያስወረውራታል። በ7ኛው ቀን ለክቶ «ሞዴሉ አልሠራም» የሚል ሰው ቀኑን ነው ያልጠበቀው።

የብርሃኑ በር ዘረ መል የሚጓዘው በሽታ በማያመጣ ተሸካሚ ቫይረስ ነው። ከዘረ መሉ ፊት የሚቀመጠው ማስጀመሪያ በሩ የትኛው ሕዋስ ውስጥ እንደሚሠራ ይወስናል። ካምኪናዝ ሁለት አልፋ የሚባለው ማስጀመሪያ ለምሳሌ በአብዛኛው አነቃቂ ሕዋሳትን ይመርጣል። ለአንድ የአይጥ አንጎል ቦታ ከግማሽ እስከ 1 ማይክሮሊትር ይበቃል፤ በደቂቃ 0.1 ማይክሮሊትር በሚሆን ፍጥነት ይገባል፣ መርፌውም 10 ደቂቃ ያህል በቦታው ይቆያል። ቶሎ የተሳበ መርፌ ፈሳሹን በመጣበት መንገድ ወደ ላይ ይስበውና ቅርፊቱን ያበራል፤ ያልታሰበ ክፍል በስህተት «መልስ» ይሰጣል። ቫይረሱ የሚቀመጠው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ ቀልጦ ዳግም በቀዘቀዘ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ገና ሲደርስ በትንንሽ መጠን ከፋፍሎ ማስቀመጥና ለማቀዝቀዣው ጄኔሬተር ማዘጋጀት ከሌዘሩ በፊት የሚታሰብ ነው።

ፕሮቲኑ እስኪበቅል ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ የሕመሙ ሞዴል ደግሞ ለመብሰል ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ቫይረሱ ቀድሞ ይሰጣል፣ ነርቩ ከአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ ይታሰራል፣ ሁለቱ አብረው ይደርሳሉ።

ብርሃኑን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው 200 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ክር ነው፤ በሴራሚክ ቀለበት ተይዞ በጥርስ ሲሚንቶ ራስ ቅል ላይ ይጣበቃል። አጥንቱ በደንብ ካልደረቀና ካልተፋቀ፣ ጥቃቅን ብሎኖችም ካልገቡበት፣ ሲሚንቶው በሦስተኛው ሳምንት ይነሳል፤ የወራት ድካም አብሮ ይሄዳል። ከክሩ ጫፍ 10 ሚሊዋት ከወጣ ጫፉ ላይ በካሬ ሚሊሜትር 318 ሚሊዋት ያህል ይሆናል። ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ሲርቅ ግን ወደ መቶኛው ይወርዳል፤ የአልጌውን በር ለመክፈት በካሬ ሚሊሜትር 1 ሚሊዋት ገደማ ስለሚበቃ ብርሃኑ የሚሠራበት ክልል ጠባብ ነው። የክሩ ጫፍ ከታሰበው ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ከተዛነፈ የተጠየቀው ሌላ ሕዋስ ነው። ሙከራው ሲያበቃ አንጎሉ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ክሩ ያመለጠባት አይጥ ውጤት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከስሌቱ ይወጣል።

ኃይሉን መጨመር መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። የማያቋርጥ ብርሃን ሥጋን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ያሞቃል፣ ሙቀት ብቻውን ደግሞ የሕዋስን አተኳኮስ ይለውጣል። ስለዚህ ማብሪያው በሰከንድ 20 ጊዜ፣ እያንዳንዱ ምት ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ እየሆነ ይሰጣል። ብርሃን የማይሰማ፣ የሚያበራ ቀለም ብቻ የተሸከመ ቫይረስ የተሰጣቸው አይጦችም ያው ብርሃን ይበራላቸዋል። ይህ ቡድን የሌለው ጥናት ሲቀርብልኝ የቀረውን ገጽ ለማንበብ አልቸኩልም። ከመገጣጠሚያው የሚያፈተልክ ሰማያዊ ብርሃንም አይጧ ዓይን ላይ ሲያርፍ ጠባይዋን ይቀይራል፤ መገጣጠሚያው በጥቁር ነገር መሸፈን አለበት።

ማጥፊያዎቹ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ሃሎሮዶፕሲን ለረጅም ጊዜ ከበራ ክሎራይድ ሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ ያረግበው የነበረው፣ ጋባ የሚባለው የኬሚካል ምልክት ሊያስነሳው ይችላል። ፕሮቶን የሚያስወጣው ሌላው ማጥፊያ ደግሞ የነርቭ ክር ጫፍ ላይ ሲበራ የሕዋሱን የአሲድ ሚዛን ስለሚያዛባ ጫፉ ዝም በማለት ፈንታ ኬሚካሉን በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ በ2016 ታይቷል። «አጥፍተናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲነበብ የት፣ በምን፣ ለስንት ደቂቃ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አይጥ «አመመኝ» አትልም። ጉንጯ የሚለካው ቮን ፍሬይ በሚባሉ፣ በተወሰነ ክብደት ላይ በሚታጠፉ የናይለን ክሮች ነው፤ ለአይጥ ፊት ከግራም በታች ተነስቶ እስከ 15 ግራም ይኬዳል። ክሩ እስኪታጠፍ ጢሟ ሥር ይጫናል፤ ራሷን ከመለሰች፣ ክሩን ከመታች ወይም ፊቷን ካበሰች ተቆጥሮ ይመዘገባል። ለብርድ አንዲት ጠብታ አሴቶን ጉንጯ ላይ ትደረጋለች፤ ስትተን ታቀዘቅዛለች። ይህ ከጦሳ ንፋስ ጋር የሚቀራረብ ፈተና ነው። ለኪው የትኛዋ አይጥ ምን እንደተሰጣት ማወቅ የለበትም። እጅ ያልለመደች አይጥ ፊቷን ሲቀርቧት ሕመም ባይኖርም ትሸሻለች፤ በጉልበት የተያዘች ደግሞ በፍርሃት ሕመሟ ይታገዳል። ለብዙ ቀናት ማለማመድ ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። በ2021 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት ነርቧ የታሰረ አይጥ ላይ፣ የመካከለኛው አንጎል ግራጫ ክፍል ታችኛ ጎን ያሉትን የካምኪናዝ ሕዋሳት በሰማያዊ ብርሃን አስነስቶ የጉንጩ ቁጡነት (በቀላል ንክኪ መታመሙ) እንደ ቀነሰ፣ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ውስጥ የስሜት መተላለፊያ የፊትን ስሜት የሚቀበለው ክፍል አተኳኮስም እንደ ረገበ አሳይቷል። ጥሩ ጥናት ነው፤ ጠባይን ብቻ ሳይሆን የታላመሱን ምት ስለለካ ይበልጥ ያሳምናል። ምክንያቱም ግራጫው ክፍል ሲነሳ እንስሳ በፍርሃት ድርቅ ብሎ እንዲቆም የሚያደርጉ ሕዋሳትም አሉበት። ድርቅ ያለች አይጥ ቮን ፍሬይ ሲነካት ራሷን አትመልስም። ተመልካቹ «ሕመሙ ተወ» ብሎ ይጽፋል፤ እሷ ግን እያመማት መንቀሳቀስ አቅቷት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሰፊ ሳጥን ውስጥ ትሄዳለች ወይ የሚል ፈተና፣ ከተቻለም ሁለት ክፍል ባለው ሳጥን ብርሃኑ የሚበራበትን ክፍል ራሷ ትመርጣለች ወይ የሚል ፈተና መጨመር አለበት። ሕመሟ የቀለለላት እንስሳ ወደዚያ ትመለሳለች። የፊት ገጽታን በነጥብ የሚመዝነው ዘዴም አለ፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገናው የጢሙን ማንቀሳቀሻ 7ኛውን ነርቭ ነክቶ ከሆነ የገጽታው ነጥብ ሕመምን አይነግርም።

ሌላው ትልቅ ግኝት በ2017 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ነው። የፊት ሕመም ከእጅና ከእግር ሕመም ይበልጥ ለምን እንደሚያስጨንቅ ጠየቀ። መልሱ በመንገዱ ውስጥ ተገኘ፤ ከ5ኛው ነርቭ ሕዋሳት ከፊሎቹ መካከል ላይ መልእክቱን ለሌላ ሕዋስ ሳያቀብሉ፣ የሕመምን ጭንቀት ወደሚያስተናግደው የአንጎል ግንድ ክፍል በቀጥታ ይገባሉ። ከእግር የሚመጣው ስሜት ይህ አቋራጭ የለውም። አቋራጩ በብርሃን ሲነሳ አይጦቹ ጮኹ፣ ብርሃኑ ከሚበራበት ቦታም ሸሹ። በዚህ ሕመም የሚሰቃዩ ሰዎች ሕይወታቸውን እስከ መጥላት የሚደርሱት በድክመት አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሞዴሉ ከሰው ሕመም ጋር አንድ አይደለም። አይጧ ጉንጭ ላይ የታሰረው የነርቩ ዳር ነው፤ ሰው ላይ የሚፈተገው ሥሩ ነው። የአይጧ ቁጡነት ለሳምንታት ይዘልቃል፤ የሰውየው ንዝረት በሰከንድ መጥቶ ይሄዳል። የሚጠኑት አይጦች ወጣቶች ናቸው፣ ታማሚው ግን በዕድሜ የገፋ ነው። በእንስሳ ላይ ሕመም መፍጠርም ዋጋ አለው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1983 ያወጣው መመሪያ ሕመሙ ለጥያቄው ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥና ጊዜው እንዲያጥር ያዛል። መንጋጋዋ የሚያማት አይጥ የደረቀ መኖ ስለማትበላ የራሰ ምግብ ይሰጣታል፣ በየቀኑ ትመዘናለች፤ ክብደቷ እየወረደ ከሄደ ከሙከራው ትወጣለች።

ብርሃኑ ወደ ሰው ይመጣል ወይ? ዓይን ላይ መጥቷል፤ በ2021 ለዓመታት ታውሮ የኖረ የ58 ዓመት ሰው ብርሃን የሚሰማ ፕሮቲን በአንድ ዓይኑ ሬቲና ውስጥ ተሰጥቶት በልዩ መነጽር እገዛ በከፊል ማየት ችሏል። ዓይን ለብርሃን ክፍት ነው። አንጎል ግንድ ግን በአጥንት ውስጥ ነው፤ ቫይረስም የመስታወት ክርም እዚያ ማስገባት ለዚህ ሕመም አሁን የሚታሰብ ሕክምና አይደለም። ብርሃኑ የሚያገለግለው የቱን ሕዋስ መንካት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው፤ ከታወቀ በኋላ መድኃኒትም ሆነ የተሻሻለ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ያንኑ ያነጣጥራል።

ለወሎ ምን ይሆናል ቢባል፣ ደሴ ላይ የጤና ሳይንስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ የዚህን ሥራ ግማሽ ያለ ሌዘርና ያለ ቫይረስ መጀመር ይችላል። የነርቭ ማሰሪያው፣ የቮን ፍሬይ ክሮቹ፣ አሴቶኑ፣ የትኛዋ ምን እንደተሰጣት የማያውቀው ለኪ ውድ አይደሉም። በሰከንድ 20 ጊዜ የሚያበራ መቆጣጠሪያንም አንድ የኤሌክትሪክ ተማሪ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይሠራዋል። ዳማከሴ የአይጥ ጉንጭ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው እንኳ በዚሁ መሣሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በሽተኛው ግን ያን አይጠብቅም። ከ1962 ጀምሮ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ካርባማዜፒን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ በጤና ተቋሞቻችን የታወቀ ነው። በሐኪም ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይጀመርና ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ብዙዎች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ማዞርና እንቅልፍ ያመጣል፣ የደም ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል፤ ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንና የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ያደክማል፤ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ደግሞ የካርባማዜፒንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ ሁለቱ ሳይጠየቁ መድኃኒቱ መሰጠት የለበትም።

ጥርስ ነቃዩ መቆንጠጫውን ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው ደግሞ አጭር ነው። «እማማ፣ ሕመሙ ሲነሳብዎ ይነዝርዎታል ወይስ ይጠዘጥዝዎታል? ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ፊትዎን ሲታጠቡ፣ ንፋስ ሲነካዎ ይመጣል?» የጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሌሊት ይበረታል፤ ጥርሱን መታ መታ ሲያደርጉት ያማል። የነርቡ ይነዝራል፣ በሰከንድ ይሄዳል፣ ጉንጭ ላይ በጣት ጫፍ ሲነካ ይነሳል። ፊቱ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ በሁለቱም ጎን ከሆነ፣ ወይም ታማሚው ከ40 ዓመት በታች ከሆነ ዕጢ ወይም ሌላ የነርቭ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ወደ ነርቭ ሐኪም ይላካል፤ አንጎሉም በኤምአርአይ ይታያል።